ያለ ተራኪ የሚናገር ፊልም፤ ስለ ሌስ ብላንክ የመጀመሪያ ሥራዎች

የሙዚቃ ሰዎችን ሕይወት የሚያሳዩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በተራኪ ድምፅ ነው። ተራኪው የዘፋኙን የትውልድ ዘመን ይነግረናል፤ ዘፈኑን ከመስማታችን በፊትም ምን ሊሰማን እንደሚገባ ያስተምረናል። አሜሪካዊው ሌስ ብላንክ (1935–2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስሙን ባስጠሩለት የመጀመሪያ ፊልሞቹ ይህን ልማድ ትቶታል። እኛም ይህ ዝምታ ምን እንዳተረፈለትና ምን እንዳጎደለበት ለመመርመር እንሞክራለን።

ብላንክ በታምፓ፥ ፍሎሪዳ ተወልዶ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፥ ኋላም በካሊፎርኒያ የፊልም ሥራ አጠና። ለኢንዱስትሪ ድርጅቶች ፊልም እያነሣ ኑሮውን ሲገፋ ቆይቶ፥ በ1967 «ፍላወር ፊልምስ» የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ብዙም ሳይቆይ የብሉዝ ዘፋኙን ላይትኒን ሆፕኪንስን ለማንሣት ወደ ቴክሳስ ሄደ። ብላንክ እንደሚያወሳው፥ ሆፕኪንስ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ዘፈኖች ከዘፈነ በኋላ «ክፈሉኝና ሂዱ» አላቸው፤ በካርታ ጨዋታ ብላንክን ከረታው በኋላ ግን ልቡ ራርቶ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ። ይህ ወግ ተራ ቀልድ አይደለም። የብላንክ ዘዴ ካሜራውን ከመክፈት በፊት አብሮ መቀመጥ መሆኑን ያስረዳልና። ስለዚህም በፊልሙ ውስጥ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን፥ ያደገባትን ሴንተርቪልን፥ በደጅ የሚጠበሰውን ሥጋና የጥቁር ፈረሰኞችን ትርኢት እናያለን። ዘፈኑ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረን እንረዳለን።

ይሁን እንጂ አንድ ነቀፌታ አለን። የዜጎች መብት ሕግ በ1964 ከታወጀ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ተራኪ የሌለው ፊልም የዘር ጭቆናን ታሪክ አስቀድሞ ለማያውቅ ተመልካች ደስታውን ብቻ ሊያሳየውና ድህነቱን እንደ ውበት ሊያስቆጥረው ይችላል።

ለዚህ ነቀፌታ የተሻለውን መልስ የምናገኘው ስለ ማንስ ሊፕስኮም በሠራው የ1971 ፊልም ነው። ሊፕስኮም አብዛኛውን ዕድሜውን በሰው መሬት ላይ ሲያርስ ኖሮ፥ ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው በ1960፥ ስድሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ነበር። በዚህ ፊልም ገበሬው የኑሮውን ታሪክ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ብላንክም ንግግሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እዚህ ላይ የፊልም ሠሪው ዝምታ ለባለታሪኩ ቃል ቦታ መልቀቅ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የተራኪው ዝምታ በራሱ ምግባር አይደለም፤ ምግባር የሚሆነው ባለታሪኩ የመናገር ዕድል ሲያገኝ ብቻ ነው። ብላንክ በሆፕኪንስ ፊልም ማየትን አስተማረን፤ በሊፕስኮም ፊልም ግን ማዳመጥንም ጨመረበት።