ካርቦን የሚገባበት ቦታ፦ የሐርጌሳ መድኃኒትና ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ

በሐርጌሳ ፋርማሲዎች የሚሸጠው መድኃኒት በአብዛኛው ውጭ አገር ተመርቶ በበርበራ ወደብ የሚገባ ነው። በሰኔና በሐምሌ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ብዙው መድኃኒት ግን ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። መንገዱ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ጅግጅጋ ይዘልቃልና ጉዳዩ የእኛ የኢትዮጵያውያንም ነው። የፋብሪካ ምስክር ወረቀት መድኃኒቱ ሲመረት የነበረውን ጥራት እንጂ መደርደሪያ ላይ ያለውን አይመሰክርም። ይህን የሚመሰክረው ላቦራቶሪ ነው፤ የላቦራቶሪው ዋና መሣሪያም የድብልቅን ክፍሎች እየለየ የሚያሳየው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። የካርቦን ናኖ ቁሶች ለዚህ ሙያ ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸዋል። እኔ የምለው፣ ካርቦን ሲሊካን ለመተካት ሳይሆን ሲሊካ አቅም በሚያጣበት ቦታ፣ ከሁሉ በፊትም ናሙና በማጽዳት ሥራ ላይ ይግባ ነው።

የዕለት ሥራውን የሚሸከመው ሲ18 የተባለው ኮለምን ነው፤ በውስጡ ያሉት የሲሊካ ቅንጣቶች 18 ካርቦን ባለው ሰንሰለት ተሸፍነዋል። ውሃ የሚሸሽ ሞለኪውል ያቆያል፣ ውሃ ወዳዱን ያሳልፋል። ፓራሲታሞል አያስቸግረውም። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ግን ከሟሟው ጋር ፈጥኖ ያመልጠዋል። አዮን የሚያጣምር ጨው ጨምሮ ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ጨዉ ከኮለምኑ በቀላሉ አይታጠብም፣ አብዛኛውም ሞለኪውልን በክብደቱ ለሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር አይስማማም። የተለመደው ሲሊካ ከፒኤች 8 በላይ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የኤድንብራው ጆን ኖክስ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረውና እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ የገባው ባለቀዳዳ ግራፋይት ግን ከፒኤች 0 እስከ 14 ይቋቋማል፤ ጠፍጣፋ ገጹም ሲ18 የማይዛቸውን ብዙ ውሃ ወዳድ ሞለኪውሎች ያቆያል። ግራፊን የዚሁ ግራፋይት ነጠላ ንጣፍ ነው፤ ናኖቲዩብ ደግሞ ንጣፉ ሲጠቀለል የሚገኘው ቅርጽ ነው።

ታዲያ ናኖቲዩብን በቀጥታ ኮለምን ውስጥ መሙላት ለምን አይበቃም? ናኖቲዩብ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ፈሳሹ እንዳያልፍ አግዶ ግፊት ይጨምራል፣ ከአሠራሩ የተረፈ ብረትም ሊኖርበት ይችላል። ናሙና ሲጸዳ ግን ሰፊ ገጹ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ከናሙናው ፈሳሽ ጋር ይናወጣል፣ ማግኔታዊ ብረት ኦክሳይድ ከተያያዘበት በማግኔት ይሰበሰባል፣ የያዘው ነገር በትንሽ ሟሟ ይለቀቃል። ካርቦን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘዴ 521 ናይትሮሳሚን የተባሉትን ጎጂ ውህዶች ከመጠጥ ውሃ የሚሰበስበው በኮኮናት ከሰል ነው። ከእነዚሁ አንዱ የሆነው ኤንዲኤምኤ እ.ኤ.አ. በ2018 በደም ግፊት መድኃኒቱ በቫልሳርታን፣ ኋላም በጨጓራ መድኃኒቱ በራኒቲዲንና በሜትፎርሚን ተገኝቷል። ራኒቲዲን በሙቀት ሲቀመጥ ኤንዲኤምኤ ይጨምርበታል፤ ናሙናውን የሚያግል የጋዝ ክሮማቶግራፊ ራሱ ብክለቱን ስለፈጠረ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ወደ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ዞረዋል። በሜትፎርሚን ደግሞ ዲኤምኤፍ የተባለው ሟሟ በማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ኤንዲኤምኤ መስሎ ታይቷል። መለየት ካልተሳካ ውድ መሣሪያም ይታለላል።

መሠረታዊ ምርመራ ባልተሟላበት ከተማ ስለ ናኖ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ቅደም ተከተሉ ላይ እስማማለሁ፤ ንጹህ ውሃ፣ የማይቋረጥ ኃይልና ማመሳከሪያ ስታንዳርድ ይቀድማሉ። ሆኖም ናሙናን በካርቦን ማጽዳት አዲስ ማሽን አይጠይቅም፤ ያለውን ማሽን ዓይን ይከፍታል እንጂ። የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፉ፣ ፋርማኮፒያው፣ የወሰነው ሲ18 ነው የሚለውም ትክክል ነው፤ መድኃኒት የሚታገደው በዚያ ዘዴ ውጤት ይሁን። ግራፋይት ሞለኪውልን የሚይዝበት መንገድ ከሲ18 የተለየ ስለሆነ አጠራጣሪ ውጤት ሲመጣ ነጻ ምስክር ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ካርቦን የያዘውን መልቀቅ እንቢ ይላል፣ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ጠባዩ ይለወጣል የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ልኬት ነው፦ የታወቀ መጠን ናሙናው ላይ ጨምሮ ስንቱ እንደተመለሰ በየአዲሱ ጥቅል መፈተሽ። ያልተመለሰው መጠን በየጊዜው የሚዋዥቅ ከሆነ ያ ጥቅል ይጣል። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ላቦራቶሪ ካርቦንን ስለ አዲስነቱ ሳይሆን ስለ ውጤቱ ይመርጠዋል፤ በሽተኛው የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።