ብልጭታውን ተውልኝ

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሰሞኑን «ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ያለችውን ነጭ ቪትዝ ቀይ ላደርጋት የሂዩን ስላይደር ከዳር እስከ ዳር ብጎትተው ፍንክች አላለችም፤ ፎቶሾፑ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። ፎቶሾፑ ደህና ነው። «ሂዩ» ያለውን ቀለም ያዞራል እንጂ የሌለውን ከየት ያመጣል? ይህን ስነግረው «ከለራይዝ» የምትለዋን ተጭኖ ተመለሰ። መኪናዋ የልጆች መጫወቻ መስላ ቁጭ አለች።

ቀለም ሁሉ እኩል አይበራም። በ«ላብ ከለር» ሲለካ፣ ስክሪን ላይ የሚወጣ ንጹሕ ቢጫ ብርሃኑ 97 ገደማ ነው፤ ቀዩ 53፣ ሰማያዊው 32። ነጭን ቀይ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ማጥቆር አለበት። በ«መልቲፕላይ» ደርቦ በ«ከርቭ» ማስተካከልን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋልና አልደክምበትም። እኔን ከሰው የሚያጣላኝ ብልጭታው ነው።

ከቀለሙ በላይ ግልጽ ቫርኒሽ አለ። ከቫርኒሹ ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን የመጣበትን መልክ እንደያዘ ይመለሳል፤ ከሥሩ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ግድ የለውም። ኮፈኑ ላይ የተኛው ሰማይ ቀይ መኪና ላይም ያው ሰማይ ነው፤ የበሩ ግርጌ ላይ ያለው አስፋልትም አስፋልት። ሜታሊክ ከሆነ ብቻ ውስጡ ያለው ብናኝ የብልጭታውን ዙሪያ ትንሽ ያቀላዋል። ብዙ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ማስክ ጠራርጎ ቀይ ይነክረዋል። ጥቁር መኪና ላይ የምናየው አብዛኛው ነጸብራቅ ስለሆነ፣ «ጥቁሩን ነጭ አድርግልኝ» ለሚለኝ ሰው መልሴ «ሌላ ፎቶ አምጣ» ነው።

ስፖኪዮውንም እዩት። መስታወቱ ውስጥ የበሩ ጠርዝ ይታያል፤ መኪናው ቀልቶ እሷ ቁራጭ ነጭ ሆና ከቀረች ሥራው ተነቃ። ቀይ በር አጠገቡ ያለውን መሬትም በስሱ ያቀላዋል።

አሁን ደግሞ «ቀይ አድርገው ብለህ ለኤአይ ጻፍለትና ተገላገል» የሚሉኝ በዝተዋል። አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ግን ኮፈኑ ላይ የነበረውን ሕንጻ አፍርሶ የማላውቀውን ዛፍ ይተክልበታል። የኔ ደንበኞች ጋራዥ ገብተው ከማስቀባታቸው፣ ሊብሬው ላይ ያለውንም ቀለም ለማስቀየር ከመሯሯጣቸው በፊት የገዛ መኪናቸውን ማየት የሚፈልጉ ናቸው። ፓራፋንጎው ላይ ያለችው ስርጉዳት እንኳ በቦታዋ መገኘት አለባት።

ከፎቶ ቤት ነው የመጣሁት። የሙሽራ ፊት ሳለሰልስ ነው እጄ የተፍታታው፤ ግንባር ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይጠፋ ነበር። መኪና ስጀምር ግን ብልጭታውን ካጠፋሁት ቆርቆሮው ቅርጹን አጥቶ ወረቀት እየሆነ አስቸገረኝ። ዛሬ የሠርግ ሥራ ሲመጣ የሙሽራዋን ግንባር ወዝ እንዳለ እተወዋለሁ። እናቶች አይወዱልኝም። አንዷ «ልጄን በላብ አጥምቀህ ሰጠኸኝ» ብለው ሒሳቡን ቆርጠው ከፍለውኛል፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን አልነካውም።