ስሙ አንድ፣ ቦታው አምስት

ፋክቶሪያል የሚያሰላ፣ ራሱን መልሶ የሚጠራ አጭር ፈንክሽን እንውሰድ። ከ5 ተነስቶ 1 ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙን በዲበገር (በስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ብናቆመው፣ ስታኩ ላይ የዚያው ፈንክሽን አምስት ፍሬሞች፣ ማለትም የየጥሪው መዝገቦች፣ ተደራርበው እናገኛለን። በአምስቱም ውስጥ «ኤን» የሚባል ቫሪያብል አለ። ፕሮግራመሩ መካከለኛውን ፍሬም መርጦ የዚያን «ኤን» መከታተያ መስኮት ውስጥ ቢያስገባና ፕሮግራሙን አንድ መስመር ቢያራምድ፣ መስኮቱ አሁንም 3 ይላል። ከላይ ያሉት ፍሬሞች እየተመለሱ ቢጠፉም 3 እንዳለ ነው። ተጠቃሚው እንደ ቀላል የሚያየው ይህ ነገር በጥንቃቄ የታሰበበት ሥራ ውጤት ነው።

ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ጂዲቢ ትእዛዝ እየጻፈ መልሱን ለሚያነብ ሰው የተሠራ ዲበገር ነበር። ለሰው ዓይን የተሰናዳን ጽሑፍ ሌላ ፕሮግራም እንዲያነበው ማድረግ ግን አያስተማምንም፤ አንድ ቃል ሲጨመር ወይም አሰላለፉ ሲቀየር ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ ለግራፊክ መስኮቶች «ኤምአይ» የተባለ መነጋገሪያ ተበጀ። የእኔን አድናቆት ይበልጥ የሚስበው በውስጡ ያለው «ቫሪያብል ኦብጀክት» ነው። መስኮቱ አንድን ቫሪያብል መከታተል ሲፈልግ ኦብጀክት ያስፈጥራል፤ ከዚያ በኋላ በተሰጠው መጠሪያ፣ ለምሳሌ «ቫር1» እያለ፣ ይጠይቃል።

ኦብጀክቱ ከአንድ ፍሬም ጋር ሲታሰር ጂዲቢ ሁለት አድራሻዎችን ይይዛል፦ ፍሬሙ ስታክ ላይ ያለበትን ቦታና የፈንክሽኑን መነሻ። ሰውን በስሙና በአባቱ ስም እንደምንለየው ማለት ነው። አምስቱ የፋክቶሪያል ፍሬሞች የኮድ አድራሻቸው አንድ ስለሆነ የሚለያቸው የስታክ ቦታቸው ነው። ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች በተከታታይ ተጠርተው አንድ የስታክ ቦታ ላይ ሲሰፍሩ ደግሞ የሚለያቸው የኮድ አድራሻቸው ነው። የተመረጠው የኮድ አድራሻ የፈንክሽኑ መነሻ እንጂ አሁን እየተፈጸመ ያለው መስመር አለመሆኑን ልብ በሉ። መስመሩ በየእርምጃው ይለዋወጣል፤ መነሻው ግን ፍሬሙ እስካለ ድረስ አይነቃነቅም። መታወቂያ የሚሆነው የማይለወጥ ነገር ነው።

ቁጠባውም እንዲሁ ያስደንቃል። ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር መስኮቱ «ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጂዲቢም የተለወጡትን ብቻ ይዘረዝራል። አንድ መቶ ቫሪያብል ተከፍቶ አንዱ ብቻ ከተለወጠ፣ በዝርዝሩ የሚመጣው ያ አንዱ ነው። አንድ ሺህ አባላት ያሉት አሬይ ሲኖር ዋጋው «[1000]» ተብሎ ብቻ ይታያል፤ አባላቱ የሚነበቡት ተጠቃሚው ከፍቶ ሊያያቸው ሲል ነው። በቀጭን ገመድ ከተገናኘች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሜሞሪ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መነበቡ ራሱ ሁኔታውን የሚለውጠው የሃርድዌር ሬጅስተር ካለም መስኮቱ ኦብጀክቱን «ፍሮዝን» ማድረግ ይችላል። ያኔ በስሙ ተጠርቶ ካልተጠየቀ በቀር ማንም አይነካውም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የመልሱን ታማኝነት ነው። ኦብጀክቱ አሁን ትክክለኛ ዋጋ ይዞ እንደሆነ ጂዲቢ ከሦስት አንዱን ይመልሳል። «ትሩ» ማለት ዋጋው የሚታመን ነው። «ፎልስ» ማለት ለጊዜው ዋጋ የለውም፣ ሊመለስ ግን ይችላል። ፈንክሽኑ በሉፕ ውስጥ ዳግም ተጠርቶ እዚያው ቦታ ላይ ሲሰፍር ኦብጀክቱ ዳግም ዋጋ ያገኛል፤ ተጠቃሚው የከፈተው ዝርዝርም እንደገና መሠራት አያስፈልገውም። «ኢንቫሊድ» ማለት ደግሞ ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል በመደረጉ ወይም ፋይሉ በመቀየሩ ኦብጀክቱ አብቅቷል፤ መሰረዝ አለበት።

ፍሬሙ ሲጠፋ ያ የሜሞሪ ቦታ ባዶ አይሆንም፤ የሆነ ቁጥር ይኖርበታል። ያንን ቁጥር አንብቦ ማሳየት ከሁሉም ይቀል ነበር። ዲበገር የሚከፍት ሰው ግን የራሱን ፕሮግራም መጠራጠር የጀመረ ሰው ነው፤ መሣሪያውንም አብሮ እንዲጠራጠር ማድረግ በደል ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች የማይታመን ቁጥር ከማሳየት ይልቅ «አሁን ዋጋ የለም» ማለትን መርጠዋል፤ እኔ ጥሩ የእጅ ሥራ የምለውም ይህንን ነው።