ቮልስና መስከረም 2፦ የአንዲት መኪና ትርጓሜ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ዋገን ነበር። የፖላንዳዊው ጋዜጠኛ የካፑሺንስኪ መጽሐፍ አረንጓዴ ይላታል፤ ሰማያዊ ነበረች የሚሉም አሉ። በቀለሟ ያልተስማማ ተራኪ ሁሉ በትርጉሟ ይስማማል፤ ውርደት ነበር ይላል። ይህ ትርጓሜ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።

ውርደት አልነበረም ለማለት አይደለም። ቮልስ ባለሁለት በር ናት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር ወደፊት አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ በጠባብ ክፍተት መግባት ግድ ነው። በሮልስ ሮይስ ሲያልፉ ሕዝብ እጅ ሲነሣላቸው ለኖሩ የ82 ዓመት ንጉሠ ነገሥት ይህ ቀላል አልነበረም። ደርግም ሳያስበው ያደረገው አይመስልም። በዋዜማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከወሎ የቀረጸውን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን ያሳየ ኃይል፣ ምስል ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ነገር ግን መኪናዋ ከዚያ ቀን በፊት የራሷ ታሪክ ነበራት። ሂትለር ለሠራተኛው የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ ፈርዲናንድ ፖርሼን አዘዘው፤ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1938 ተጣለ። ከ330,000 በላይ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ቢቆጥቡም አንዳቸውም መኪና አልደረሳቸውም፤ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ ያንሠራራው በእንግሊዛዊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት ጥረት ነው። የካቲት 1972 እ.ኤ.አ. 15,007,034ኛዋ ቮልስ ተመርታ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሲቆም ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስቻላት ቀላልነቷ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ውሃ አይፈላባትም። የፊቱ ኮፈን ሲከፈት የሚገኘው ስኮርታ ጎማና የሻንጣ ቦታ ነው። በ1960ዎቹ ሞዴሎች የመስተዋት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው ከዚያው ስኮርታ በሚያገኘው አየር ነበር። አራት ቡሎን ከተፈታ ሞተሩ ይወርዳል፤ የሰፈር መካኒክ ሰፊ ጋራዥ አያስፈልገውም።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ቮልስ የሚነዳው መምህሩ፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ መኪና የገዛው ምሁር ነበር። እንግዲህ በቮልስ መሄድ ውርደት ከሆነ፣ የሚዋረደው ይህ ሁሉ ሰው ነው። መኪናዋን ያሳነሳት የቤተ መንግሥት ዓይን ነው። አስገራሚው ነገር ደርግ ንጉሡን ያዋረደው በዚያው በቤተ መንግሥቱ ሚዛን መሆኑ ነው፤ ዙፋኑን ሲገለብጥ የማዕረግ ቅደም ተከተሉን አልነካውም። የአብዮቱን ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ይህን ሳይመረምሩ አልፈዋል።

የመኪናዋ አምራች ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ታሪክ በዚያ አላበቃም፤ በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ ቮልስ ዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኩባንያው ስም በከተማው ጎልቶ የሚታየው ቻይና በተመረቱት የኤሌክትሪክ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ላይ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ግን ዛሬም አልጠፉም፤ የነዷቸውና የጠገኗቸው ሰዎች ትዝታ ከባለሥልጣናቱ ማስታወሻ እኩል ሊሰበሰብ ይገባል።