ቆሞ ማየትና መሠልጠን፦ በጥርስ ሕክምና ረዳት ነርስነት ልምምድ ላይ የቀረበ ሂስ

በባለሙያ እጅ ሥር ሆኖ ሙያ መቅሰም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔው ከአባቱ፣ አንጥረኛው ከጌታው፣ ወጌሻው ከታላቁ ተምረዋል። በራያ ቆላ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ መጥለፍ የሚችለው ገበሬም ይህን ጥበብ ያገኘው ከአባቱ ጋር በመዋል ነው። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልምምድን መንቀፍ ሳይሆን፣ በጥርስ ሕክምና ክፍል የረዳት ነርስነት ልምምድ ተብሎ ሲሰጥ የታየው ትምህርት የሥልጠናን ስም ለመሸከም ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው።

ለሂሱ መነሻ የሆነው አጋጣሚ እንደሚከተለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መንጋጋ ጥርሱን ለመታከም በኮቦ ከተማ ወደ አንድ አነስተኛ የጥርስ ሕክምና ክፍል ሄዶ ነበር። በዚያም አንዲት 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች ተለማማጅ ከሐኪሙ ጎን ቆማ አገኘ። በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይሆንለት፣ በሐኪሙና በተለማማጇ ፈቃድ ለሦስት የገበያ ቀናት ጥግ ይዞ ሥራውን ተመለከተ። አንድ ክፍል የሁሉንም መልክ እንደማያሳይ የታወቀ ነው። ሆኖም እዚህ የሚተቸው ግለሰቦቹ ሳይሆኑ የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

በመጀመሪያ ለልምምዱ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ተለማማጇ በስድስት ወራት ውስጥ መብራቱን በአግባቡ ማነጣጠር፣ ምራቅ መሳቢያውን መያዝ፣ የጥርስ መሙያውን መለወስና ሐኪሙ ሳይጠራ የሚፈልገውን መሣሪያ ማቀበል ችላለች። አንዲት አዛውንት ከወንበሩ አልቀመጥም ባሉ ጊዜ፣ «እማማ፣ እጄን ይያዙኝ፤ ካመመዎት ጨመቅ ያድርጉኝ» ስትላቸው ተቀመጡ። ይህን የመሰለው ችሎታ በጥቁር ሰሌዳ ፊት አይገኝም። ጉድለቱ ያለው እጅ የለመደውን ነገር አእምሮ እንዲያውቀው ባለመደረጉ ላይ ነው። «ለምን?» ብላ በጠየቀች ቁጥር የተሰጣት መልስ «እያየሽ ትለምጃለሽ» የሚል ነበር።

አንደኛው ጉድለት በመሣሪያ ማጽዳት ሥራ ላይ ታይቷል። ክፍሉ መሣሪያዎችን በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን አውቶክሌቭ አለው። መብራት ሲጠፋ ግን ጉጠቶቹ በብረት ድስት ይቀቀላሉ። ለተለማማጇ የተነገራት ውኃው ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ እንድትጠብቅ ብቻ ነው። ኮቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍ ባለችው ላሊበላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አውቶክሌቩ በግፊት ኃይል 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ የሚቆየው፣ በፈላ ውኃ የማይሞቱ ጠንካራ የተሕዋስያን ዘሮች ስላሉ ነው። እንዲሁም ደም የደረቀበት ጉጠት አስቀድሞ ታጥቦ ካልጸዳ እንፋሎቱ ከብረቱ አይደርስም። ይህን የተረዳች ሠልጣኝ መብራት ሲጠፋ «ዛሬ ንጹሕ መሣሪያ የቀረን ይህን ያህል ነው» ብላ ለሐኪሟ ታስታውቃለች። ያልተረዳችው ግን ድስቱን እሳት ላይ ትጥዳለች። ልዩነቱን በሽተኛው አያየውም፤ ነገር ግን ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው ጉድለት የስሕተት አያያዝ ነው። በዓለም አቀፉ የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱ ጥርስ በሁለት አኃዝ ይጠራል። የመጀመሪያው አኃዝ ከአራቱ የአፍ ክፍሎች አንዱን፣ ሁለተኛው ከመካከል ጀምሮ ሲቆጠር የጥርሱን ተራ ያመለክታል። ስለዚህ 46 የታካሚው የታች ቀኝ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ሲሆን፣ 36 በግራ በኩል ያለው አቻው ነው። ታካሚውን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ። ተለማማጇም 46 መጻፍ ሲገባት 36 ብላ መዘገበች። ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት አፉን መልሶ በማየቱ ጉዳት አልደረሰም። የተሰጣት እርማት «ሁለተኛ ተጠንቀቂ» የሚል ተግሣጽ ሲሆን፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያው ስሕተት ተደገመ። ማንኛውም መምህር እንደሚያውቀው የተደጋገመ ስሕተት ያልተሰጠ ትምህርት ምልክት ነው። በወረቀት ላይ አፍ ስሎ፣ ሠልጣኟን በራሷ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀኝና ግራዋን እንድትጠራ ማድረግ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይጠይቅም ነበር። እርሷ ግን በደብተሯ የራሷን ሥዕል ስላ በብቻዋ ስትታገል ተገኝታለች።

በዚሁ ቀን አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጅዋን አምጥታ፣ የተበላውን የኋላ መንጋጋ «የወተት ጥርስ ነውና ይነቀልለት፤ ሌላ ይበቅላል» አለች። ተለማማጇም አዎንታዋን ሰጠች። ጥርሱ ግን ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች በስተኋላ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነበር። አንዴ ከተነቀለ ተተኪ የለውም። ይህ ዕውቀት የአንደኛ ክፍል መምህራንንም የሚመለከት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት የሠልጣኟ የራሷ ደኅንነት ነው። ያገለገለውን የማደንዘዣ መርፌ ክዳን በሁለት እጆቿ መልሳ ስትከድን ታይታለች። በአንድ እጅ ብቻ ክዳኑን ከጠረጴዛ ላይ መቅዳት እንደሚቻል ያሳያት ሰው የለም። ያልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ በተበከለ መርፌ ቢወጋ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። በኤች አይ ቪ በኩል ከሺህ ወደ 3 ይጠጋል። ለሄፓታይተስ ቢ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ። በአገራችን ይህ ክትባት ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም የተወለዱ ሠልጣኞች በሕፃንነታቸው አላገኙትም። ይህችም ወጣት ስለ ክትባቱ የሰማችው ከዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር። አንድ ሰው እጁን ወደ ሌላው ሰው አፍ ከማስገባቱ በፊት መከተቡ የሥልጠናው የመጀመሪያ ምዕራፍ መሆን ሲገባው፣ ከነጭራሹ አልተነሣም።

አራተኛው ጉድለት የሥራው ወሰን አለመታወቁ ነው። «የጥርስ ነርስ» የሚለው ስም በዓለም ላይ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ሲያመለክት ቆይቷል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1921 በዌሊንግተን ማሠልጠን የጀመረቻቸው የትምህርት ቤት የጥርስ ነርሶች ለሁለት ዓመት ተምረው የሕፃናትን ጥርስ ራሳቸው የሚሞሉና የሚነቅሉ ነበሩ። በብሪታንያ ግን የጥርስ ነርስ የሐኪሙ ረዳት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም ያልተመዘገበች ሴት በዚህ ሙያ ልትሠራ የምትችለው በታወቀ ሥልጠና ላይ ከሆነች ብቻ ነው። የእኛዋ ተለማማጅ ሐኪሙ ለምሳ በወጣበት ሰዓት ከሩቅ የመጣ ሰው «እባክሽ ንቀዪልኝ» ቢላት ምን እንደምትመልስ በጽሑፍም ሆነ በቃል አልተነገራትም።

በሐኪሙ በኩል የቀረበውን መከራከሪያ አለመጥቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። በገበያ ቀን ከቆላው ሁሉ የሚመጣው ታካሚ ለማስተማር ጊዜ እንደማይሰጠው፣ ለማስተማርም ተብሎ የሚከፈለው እንደሌለ ገልጿል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ድርጅቶች ተዘርፈውና ተጎድተው እንደነበርም አስታውሷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲልክ፣ የተመደበ ተግባርና ተቆጣጣሪ መምህር አብሮ ይሰጥ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂም በድርጅትና በማሠልጠኛ ተቋም ቅንጅት የሚሰጠውን ሥልጠና የደገፈው፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ነው። ሐኪሙ ብቻውን እንዲያስተምር መጠበቅ የቅንጅቱን አንድ እግር ቆርጦ መጣል ይሆናል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ ወጪ አይደለም። ተለማማጅ የሚቀበል ክፍል ሁሉ በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ዝርዝር ይኑረው፤ ይኸውም ሠልጣኙ የሚያየውን፣ በተቆጣጣሪ ፊት የሚሠራውን፣ ብቻውን የሚሠራውንና ፈጽሞ የማይነካውን ለይቶ ያስቀምጥ። በእያንዳንዱ ተግባር ጎን «ለምን» የሚል ዐምድ ይኑር፤ ሠልጣኙም በራሱ ቃል ይሙላው። ክትባቱ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ይጀመር። ተቆጣጣሪ የሚሆን ሰው ከጤና ኮሌጆች በየወሩ ብቅ ይበል።

ይህን ስንል እኛም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለማስተማር ልምምድ ስንልክ፣ በክትትል ቅጻችን ላይ የምንሞላው በአብዛኛው የተገኙባቸውን ቀናት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለና ያስተማረ ዕጩ በቅጹ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ። ጎርፍ የሚጠልፈው ገበሬ እንኳ ልጁን «አሁን ክፈት» ሲለው ውኃው ምን ያህል እንደመጣና ቦዩ ምን ያህል እንደሚችል እያሳየው ነው። ተለማማጇ ከደብተሯ ላይ ያቺን የአፍ ሥዕል ከነስሕተቷ አሳይታን ነበር። በግራና በቀኝ መካከል ያለውን መሥመር አብረን ካረምን በኋላ፣ ከሥሩ «ከታካሚው በኩል» ብላ ጻፈችበት።