ሌቪን፣ ሰምና ወርቅ እና የሳሪሱ «አሞኝ ነው»

ስለ አማራ ባህል በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» ያህል የተነበበም የተነቀፈም ያለ አይመስለኝም። ሌቪን በሙያው የሶሲዮሎጂ ሰው ነው፤ አሠራሩ ግን የአንትሮፖሎጂ ነው። መንዝ ሄዶ የገበሬውን ኑሮ በቅርብ አጠና፤ መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከመጽሐፉ ዋና ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ነገር ማለትን የለመደ ሕዝብ፣ ግልጽ ቋንቋ ከሚጠይቀው ዘመናዊ ኑሮ ጋር እንዴት ይስማማል?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ኮምፒውተር ቅኔ አይገባውም፤ የነገሩትን ብቻ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ የሌቪን ጥያቄ የእንጀራዬም ጥያቄ ነው።

ሌቪንን ያለ ፍርድ መውቀስ አልፈልግም። ሰምና ወርቅ ለጨዋታ፣ ሰውን በጨዋ ደንብ ለመንካት፣ የግል ጉዳይን ለመከለል፣ ባለሥልጣንን ለመተቸት እንደሚያገለግል ራሱ ይዘረዝራል። ኧረ ከዚህ በላይ ምን ይበል? ቅሬታዬ ከዝርዝሩ በኋላ ባለው ነው። መከለልና መተቸት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ የጉልበት ጉዳይ ናቸው። ዳኛ ፊት የቆመ ገበሬ ነገሩን የሚሸፍነው ቅኔ ስለሚወድ ብቻ ሳይሆን፣ በግልጽ መናገር ስለሚያስከፍለው ጭምር ነው። መጽሐፉ ሚዛኑን ወደ ባህል ሲያደላ ይህ ይሳሳበታል።

እኛ ሰፈር፣ ሳሪስ፣ ፋብሪካ ይበዛል። ለአንዱ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስንሠራ የቆዩ የቀሪ ቅጾችን አገላበጥኩ። «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ የሚበዛው «አሞኝ ነው» ነው። የፈረቃ አለቃዋን ጠየቅኳት። ሳቀችና፣ «አንዷ ልጇን የሚይዝላት አጥታ ነው። ያቺኛዋ ለቅሶ ላይ ነበረች። ይቺ ደግሞ ሌላ ሥራ ልትፈተን ሄዳ ነው» አለችኝ። ወርቁን ታውቃለች፤ በሰሙ ታሳልፋለች። ከሠራተኞቹ ውስጥ ኦሮሞም፣ ጉራጌም፣ ወላይታም አሉ፤ «አሞኝ ነው» ግን የሁሉም ነው። የቅኔ ቤት ትምህርት አይደለም ያስተማራቸው፤ ደሞዝ መቆረጥ ነው።

አስተዳደሩ የፈለገው ከዝርዝር የሚመረጥ ምክንያትና የሐኪም ወረቀት የሚያያዝበት ገጽ ነበር። ግልጽ ነው፣ ዘመናዊም ነው። ለአለቃዋ ምሕረት የሚሆን ቦታ ግን የለውም።

ብዙ ጊዜ በክርክራችን ውስጥ የማይነሳው የሌቪን ሁለተኛ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመን። በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ አሻሚነት ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአሻሚነት ሽሽት» እንደማለት ነው። ጣቱ አሁን ወደ ራሱ ወገን ዞረ። ምዕራቡ ዓለምና ማኅበራዊ ሳይንሱ አሻሚ ንግግርን ሲሸሹ ምን እንዳጡ ይጠይቃል፤ ለንጽጽርም የአማራውን አነጋገር ከአሜሪካኑ ጎን ያቆማል። መንዝ ላይ የተማረውን ይዞ አገሩን መረመረ ማለት ነው። ሌላውን ሕዝብ ማጥናት ትርጉም የሚኖረው፣ አጥኚው ተመልሶ የራሱን ቤት በዚያው ዓይን ሲያይ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አንብቧቸው። ባንኩም ቀበሌውም ቅጹን ወደ ስልክ እያዞረ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ግዴታ» የምትል ቀይ ኮከብ አለች። እሷን የምናስቀምጠው እኛ ነን። ከማስቀመጣችን በፊት፣ እዚህ መስመር ላይ እውነቱን ቢጽፍ የሚጎዳው ማን ነው ብለን እንጠይቅ።