የጂ.አይ.ኤስ. ትምህርትና የአሊዩ አምባ ተዳፋት

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ገብሱን ከኋላው ትቶ ማሽላ ከሚዘራበት አገር ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ያራግፍበት የነበረው ይህ የገበያ ከተማ የሚገኘው የሸዋ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ተዳፋት ላይ ስለ ሆነ፣ በክረምት ከላይ የሚታጠበው አፈር በአጠገቡ ያልፋል። በዚህ ስፍራ የሚማር ልጅ ጎርፍ የበላውን ማሳ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። የሚያሻው ማሳው ለምን እንደ ተበላና ቀጥሎ የትኛው እንደሚያሰጋ የሚያመለክት ዘዴ ነው። በተለምዶ ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት ለዚሁ የተፈጠረ ሲሆን፣ አሰጣጡ ግን ከዚህ ዓላማ ርቋል።

በሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍታችን ስለዚህ ዘዴ የሚቀርበው ትምህርት በአብዛኛው በትርጓሜ ይጀምርና መሣሪያ፣ ፕሮግራም፣ መረጃ፣ ባለሙያ እያለ ክፍሎቹን ይዘረዝራል፤ ከዚያም ቬክተርና ራስተር የሚባሉትን የመረጃ ዓይነቶች ይለያል። የተጻፈው ስሕተት ነው አይባልም። ጉድለቱ ከጥያቄ አለመነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮጀር ቶምሊንሰን በካናዳ ሥርዓቱን ሲያቋቁም የተነሣው የትኛው መሬት ለእርሻ፣ የትኛው ለደን ይስማማል ከሚል ጥያቄ ነበር፤ ኮምፒዩተር ያስፈለገውም ብዙ ካርታዎችን በእጅ ማነባበሩ አድካሚ በመሆኑ ነው። እኛ ትርጓሜውን ይዘን ጥያቄውን ትተነዋል። ተማሪውም ክፍሎቹን በቃሉ ይዞ ፈተናውን ያልፋል፤ የአባቱ ማሳ ግን መታጠቡን ይቀጥላል።

ኮምፒዩተር በሌለበት እንዴት ይሁን የሚለው የመምህራን አቤቱታ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ማነባበር በወረቀትም ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ ኋላ በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት ለዓመታዊ ሰብል የሚታረሰው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራበት ብቻ እንዲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ለክፍል ሥራ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በ1:50,000 መስፈርት በታተመ ካርታ ላይ የ100 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከ6.7 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ከተጨናነቀ ተዳፋቱ ከ30 በመቶ ይበልጣል፤ ከ3.3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ውስጥ ከሆነም ከ60 በመቶ ያልፋል። ተማሪዎች ይህንን በማስመሪያ ለክተው በአንድ ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት ላይ ያቅልሙ። በሌላው ወረቀት ላይ ማሳውን፣ ግጦሹንና ዛፉን፣ በሦስተኛው ቦረቦሩን ዞረው ካዩት ይንደፉ። ሦስቱን በመስኮት መስተዋት ላይ ሲያነባብሩ የሚያሰጋው ስፍራ ይወጣል። ይህም ራሱ ጂ.አይ.ኤስ. ነው።

ኮምፒዩተር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው የምድር ከፍታ መረጃም እንዲሁ ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን የዚህ መረጃ አንዱ ካሬ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለት 900 ካሬ ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ማሳ ሦስት ካሬ እንኳ አይሞላም። የድንጋይ እርከን ከቶ አይታይበትም፤ ገበሬው ለዓመታት የካበውና ባዶው ተዳፋት በማሳያው መስኮት ላይ በአንድ ቀለም ይወጣሉ። ወረቀቱ ይቅደም የምለውም ለዚህ ነው፤ ዞሮ ያየ ተማሪ ይህን ስሕተት ይይዘዋል፣ ያላየው ግን ቀለሙን ያምናል። ሥራው ከትርጓሜው ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ ሁለት የመስክ ቀን ቢሰጠው የሚበቃ ሲሆን፣ ከክረምቱ ማግሥት ቦረቦሩ ገና ሣር ሳይለብስ ቢውል ይመረጣል።